ዴልፊና የኦስዮስ ሉካስ ገዳም በአንድ ቀን፤ ለአንባቢዎች ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ከአቴንስ በግል መኪና ተነስቶ የዴልፊን ጥንታዊ ፍርስራሽና የኦስዮስ ሉካስን የቢዛንታይን ገዳም አይቶ በዚያው ዕለት ስለ መመለስ በርካታ ጥያቄዎች ደርሰውናል። የሚመሳሰሉትን አጣምረን መልሰናል። ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ጽፈን የፈረንጁን በቅንፍ አስቀምጠናል፤ ዓመቶቹና ወሮቹ ግን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ወደ ዴልፊ አውቶቡስ አለ ተብያለሁ። ታዲያ ለግል መኪና ያን ያህል ገንዘብ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?

መልስ፦ የሚያዩት ዴልፊን ብቻ ከሆነ አያስፈልግም። ከአቴንስ የሊዮሲዮን መናኸሪያ የሚነሳው ክቴል የተባለው የአገር አቋራጭ አውቶቡስ በ3 ሰዓት ጉዞ ያደርስዎታል። ነገሩ የሚለወጠው ገዳሙ ሲጨመር ነው። ኦስዮስ ሉካስ ከዴልፊ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሚገኘው ከዲስቶሞ ከተማ አለፍ ብሎ፣ በሄሊኮን ተራራ ሥር፣ የወይራና የለውዝ ዛፍ በሞላበት ሸለቆ ላይ ነው፤ እደጁ ድረስ የሚሄድ መደበኛ አውቶቡስ የለም። በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው ዲስቶሞ ወርዶ ታክሲ መፈለግ፣ ታክሲውን ገዳሙ በር ላይ ማስጠበቅ፣ ከዚያም ወደ አቴንስ የሚመለሰው አውቶቡስ እንዳያመልጠው መሮጥ አለበት። ሁለቱን በአንድ ቀን ለማየት መኪና ግድ ነው የምንለው ለዚህ ነው። የሚከፍሉት ለገዳሙ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ገዳሙን የ20 ደቂቃ ማለፊያ እንዳያደርጉት አደራ እንላለን።

ጥያቄ፦ የቱን እናስቀድም? ስንት ሰዓትስ እንነሳ?

መልስ፦ ዴልፊን ያስቀድሙ። ገዳሙ ለአቴንስ ስለሚቀርብ በመንገድ ላይ እያሉ ጎራ ማለት ያጓጓል፤ ግን እንዲያ ካደረጉ ዴልፊ የሚደርሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣና የአስጎብኚ ድርጅቶች አውቶቡሶች ሁሉ ሲሰበሰቡ ነው። ፍርስራሹ የተዘረጋው ጥላ በሌለው ዳገት ላይ መሆኑን አይርሱ። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ከሰዓት በኋላም ቢሆን ቀዝቀዝ ያለ ነው።

ከአቴንስ ዴልፊ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ከጠዋቱ 12፡30 (6፡30) ቢነሱ 3 ሰዓት (9፡00) ላይ በሩ ላይ ነዎት። ለፍርስራሹ ሁለት ሰዓት፣ ለሙዚየሙ አንድ ሰዓት ይያዙ። ከዚያ ምሳ በዴልፊ መንደር ወይም 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ኋላ ተመልሰው አራኾቫ ከተማ ላይ ይብሉ። ከአራኾቫ ገዳሙ ከ35 እስከ 40 ደቂቃ ነው። 8፡30 (14፡30) ላይ ከደረሱ እስከ 10 ሰዓት (16፡00) ቆይተው አቴንስ ከምሽቱ 12፡30 (18፡30) አካባቢ ይገባሉ።

ይህን ፕሮግራም የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ ምሳ ነው። አራኾቫ ላይ ተንቀራፎ የሁለት ሰዓት ምሳ የበላ ሰው ገዳሙን የሚያየው እየተቻኮለ ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ክረምት ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ዴልፊ ከቀኑ 9፡30 (15፡30) ላይ ሊዘጋ ይችላል፣ ገዳሙም ከበጋው ቀድሞ ይዘጋል፣ የመልሱን መንገድ የሚጓዙትም በጨለማ ነው። አራኾቫ የበረዶ ሸርተቴ ከተማ ስለሆነች በክረምት ቅዳሜና እሑድ በጠባቡ ዋና መንገዷ መኪና ይቆማል። ከተቻለ በሥራ ቀን ይሂዱ።

ከአቴንስ ሲመጡ ከሚያገኟት ከሊቫዲያ ከተማ እስከ አራኾቫ ያለው መንገድ ጥምዝምዝ ነው። መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ፊት ወንበር ይስጡት፤ ከባድ ቁርስም አይብላ።

ጥያቄ፦ ከሹፌሩ ጋር ስንዋዋል ምን እንጠይቅ? ሹፌሩ ያስጎበኘናል ወይ?

መልስ፦ ሁለተኛውን እናስቀድም፤ ብዙ ሰው ቅር የሚሰኘው በዚህ ነውና። በግሪክ ሕግ በጥንታዊ ሥፍራዎችና በሙዚየሞች ውስጥ ማስጎብኘት የሚችለው ፈቃድ ያለው አስጎብኚ ብቻ ነው። ሹፌሩ የቱንም ያህል ዐዋቂ ቢሆን መኪናው ውስጥ ያወራልዎታል እንጂ በሩን አልፎ አብሮዎት አይዞርም። ግማሽ መንገድ ላይ ከማወቅ አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ባለ ፈቃድ አስጎብኚ ከፈለጉ ለብቻው ይቀጠራል፣ ለብቻው ይከፈላል፤ መኪናው ውስጥም አንድ ወንበር ይይዛል።

የግል ጉዞ ዋጋ በሰው ሳይሆን በመኪና ነው። ተራው መኪና የሚይዘው 4 ሰው ብቻ ስለሆነ አምስተኛ ሰው ሲጨመር ወደ ሚኒቫን ይዛወራሉ። ሲዋዋሉ ነዳጅ፣ የአውራ ጎዳና ክፍያ፣ የመቆያ ሰዓትና ታክስ መካተታቸውን አንድ በአንድ በጽሑፍ ያስፍሩ። የመግቢያ ትኬትና ምሳ በአብዛኛው አይካተቱም። ከ2025 ሚያዝያ ወዲህ የዴልፊ ትኬት 20 ዩሮ ሲሆን ፍርስራሹንም ሙዚየሙንም ያሳያል። ትኬቱን በኢንተርኔት አስቀድመው ቢገዙ ከወረፋ ይድናሉ። ለገዳሙ ግን ዝርዝር ጥሬ ገንዘብ ይያዙ፤ ለመግቢያም ለጧፍም ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ እናቴን ጉልበቷን ያማታል። ዴልፊን ማየት ትችላለች? ምኑንስ መተው ይቻላል?

መልስ፦ እንደ እውነቱ ከሆነ ፍርስራሹ ለጉልበት አይመችም። የተቀደሰው መንገድ የሚባለው ከመግቢያው ጀምሮ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል፤ ድንጋዩም ለዘመናት ተረግጦ ስለለሰለሰ ያንሸራትታል፣ ዝናብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ሶላቸው የሚይዝ ጫማዎች እንጂ ነጠላ ጫማ አይሆንም።

እናትዎ እስከ አቴናውያን ግምጃ ቤት ድረስ ቀስ ብለው ከወጡ በቂ ነው። ይህች ትንሽ የእብነ በረድ ቤት ከ1903 እስከ 1906 በወደቁት የራሷ ድንጋዮች መልሳ የተሠራች ናት። ትንሽ አለፍ ሲል ትልልቅ ድንጋዮች እንደ ተቆራረጠ ሥዕል ያለ ጭቃ ተገጣጥመው የቆሙበት ግንብ አለ። ቀረብ ብለው ይዩት፤ ላዩ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ የባሪያ ነፃ መውጫ ውሎች ተቀርጸዋል። ጎብኚው አብዛኛው ሳያየው ያልፋል።

ጉልበት ያለው ሰው የጥንት ግሪኮች ያመልኩት ወደነበረው ወደ አፖሎ ቤተ መቅደስ ይቀጥል። ፒቲያ የተባለችው ሴት ትንቢት የምትናገርበት ቦታ ይህ ነው፤ አሁን የሚታየው በ373 ዓመተ ዓለም የመሬት መንቀጥቀጥ የቀድሞው ከፈረሰ በኋላ የተሠራው ነው። ከዚያ በላይ 5,000 ሰው ያህል የሚይዘው ቲያትር አለ፤ ሸለቆውን በሙሉ የሚያሳየው ቦታ እዚያ ነው። ከሁሉ በላይ ያለውን የሩጫ ሜዳ ሰዓት ካጠረ ይተውት።

ሙዚየሙን ግን ማንም አይዝለል። እናትዎም ሳይቸገሩ ይዞሩታል፤ የፍርስራሹን ዳገት ቢተዉ እንኳ ዋና ዋናዎቹ ሐውልቶች ያሉት እዚህ ነው። የነሐሱ ሠረገላ ነጂ ቁመቱ 1.80 ሜትር ነው። ዐይኖቹ ከሌላ ማዕድን ተሠርተው የተገጠሙ፣ ከንፈሮቹ መዳብ ናቸው። የጥንቱ ዘመን የነሐስ ሐውልት ከሞላ ጎደል ሁሉም ቀልጦ ለሌላ ሥራ ሲውል ይህ የተረፈው የመሬት መንቀጥቀጡ ባወረደው ናዳ ሥር ተቀብሮ በመቆየቱ ነው፤ የተገኘውም በ1896 ነው። እግሮቹን ይመልከቱ። ሠረገላው ቢኖር ኖሮ የማይታዩ ሆነው ሳለ ጅማታቸው ሳይቀር ተሠርቷል።

ከመመለስዎ በፊት ሹፌሩ ከዋናው መግቢያ ወደ ምሥራቅ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ እንዲያቆም ይጠይቁ። ሦስት ዓምዶቹ ዳግም የቆሙለት ክብ ቤት፣ ቶሎስ፣ ከአስፋልቱ ሥር ይታያል። እናትዎ ከላይ ሆነው ቢያዩትም ይበቃል።

ጥያቄ፦ ገዳሙ የወንጌላዊው ሉቃስ ነው? እኛ ተዋሕዶዎች ስንገባስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ አይደለም። ባለቤቱ በዚያው አገር የኖረ ሉቃስ የሚባል ሌላ መናኝ ነው፤ ያረፈው በ953 ነው። ክሬት ደሴት ሮማኖስ በሚባል ንጉሥ ዘመን ከዓረቦች እጅ ትመለሳለች ብሎ ተናግሮ ነበር፤ በ961 በሁለተኛው ሮማኖስ ዘመን እንዳለው ሆነ። ዐፅሙ ለረጅም ዘመን ጣሊያን አገር ቆይቶ በ1986 ከቬኒስ ወደ ገዳሙ ተመልሷል፤ አሁን በሁለቱ አብያተ ክርስቲያናት መካከል ባለው መተላለፊያ ይገኛል። በዓሉ የካቲት 7 በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሥርዓቱን በሚመለከት ጫማ አይወልቅም። የእኛ ሰው ልማዱ ስለሆነ በር ላይ ያወልቃል፤ ማንም አይከፋበትም፣ ግን እብነ በረዱ በጣም ቀዝቃዛ ነውና ወፍራም ካልሲ ያድርጉ። ሴት ትከሻዋንና ጉልበቷን የሚሸፍን ልብስ፣ ወንድ ረጅም ሱሪ ይልበስ። ነጠላ መከናነብ ግዴታ አይደለም፤ ለቦታው ግን ያምራል። ጧፍ ማብራት፣ ሥዕል መሳለምና መጸለይ ይቻላል። ቁርባን ግን አይቀበሉ፤ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የኬልቄዶንን ጉባኤ የምትቀበል ስለሆነች ከእኛ ጋር የቁርባን አንድነት የላትም። ፍላሽ ያለው ፎቶ ክልክል ነው፤ ያለ ፍላሽም ቢሆን በዕለቱ ያሉትን ጠይቀው ያንሱ።

ሲገቡ የሚያጋጥመው ችግር ከፀሐይ የመጣ ዐይን ምንም አለማየቱ ነው። ስለዚህ በትልቁ ቤተ ክርስቲያን የመግቢያ ክፍል አምስት ደቂቃ ዝም ብለው ይቁሙ። የወርቁ ሞዛይክ ቀስ በቀስ ይወጣል፤ ጥቃቅኖቹ ጠጠሮች አንድ ዓይነት ስላልተደላደሉ ሲንቀሳቀሱ ብርሃኑ አብሮ ይንቀሳቀሳል። እዚሁ ክፍል ስቅለት፣ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን ከሲኦል ሲያወጣ፣ ሕፅበተ እግርና የቶማስ መጠራጠር አሉ። ውስጥ ሲዘልቁ ጉልላቱን በተሸከሙት ማዕዘኖች ልደትን፣ ስምዖን ሕፃኑን ሲቀበልና ጥምቀትን ያገኛሉ፤ ከመቅደሱ በላይ ደግሞ ጰራቅሊጦስ አለ። የዋናው ጉልላት ሞዛይክ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ በቀለም ሥዕል ተተክቷል። አነስተኛ መነጽር፣ ማለት የርቀት ማሳያ፣ ቢይዙ እጅግ ይጠቅምዎታል።

ሁለት ነገር አይዝለሉ። ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር የተያያዘችው ትንሿ የእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራች ናት፤ ትልቁ በ11ኛው መጀመሪያ ተጠግቶ ሲሠራ የቀድሞዋ የውጭ ግድግዳ ውስጥ ቀረ፤ እዚያ ላይ የነቢዩ ኢያሱ ሥዕል አለ። ሁለተኛው የቅድስት ባርባራ ምድር ቤት ነው። በሩ ከውጭ ስለሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። የግድግዳ ሥዕሎቹ ቀለማቸው እስካሁን ደማቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጉዟችን ጾም ላይ ነው የዋለው። ምሳ ምን እንበላለን?

መልስ፦ «ኒስቲሲሞ» ይበሉ፤ የጾም ምግብ ማለት መሆኑን አስተናጋጁ ያውቃል። ግን ይጠንቀቁ፤ በእነርሱ ጾም ኦክቶፐስ፣ ካላማሪና ሽሪምፕ ይበላሉ፣ «ታራማ» የሚባለውም የዓሣ እንቁላል ነው። ለእኛ የሚሆነው በቲማቲም የተሠራ ትልልቅ ባቄላ «ጊጋንዴስ»፣ የተቀቀለ ቅጠላ ቅጠል «ሆርታ» እና «ፋቫ» የሚባለው ተቀቅሎ የላመ ክክ ነው። በወይን ቅጠል የተጠቀለለውን «ዶልማዳኪያ» ሲያዙ ሥጋ የሌለበት መሆኑን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በገደል አናት ላይ የተሠሩትን የሜቴኦራ ገዳማትንም በዚያው ቀን መጨመር ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም። ከዴልፊ ሦስት ሰዓት ያህል ይርቃል፤ ወደ አቴንስ ለመመለስ ሌላ አራት ሰዓት ገደማ አለ። ሜቴኦራ አጠገብ ባለችው ካላምባካ ከተማ የሚያድሩ ከሆነ ብቻ ያስቡት።

ጥያቄ፦ በየትኛው ቀን መሄድ የለብንም?

መልስ፦ ዴልፊ ጥር 1፣ መጋቢት 25፣ ግንቦት 1፣ የፋሲካ እሑድ፣ ታኅሣሥ 25 እና 26 ዝግ ነው፤ ሁሉም በአውሮፓ አቆጣጠር። ፋሲካቸው ከእኛ ጋር በአንድ ቀን ስለሚውል ማስላት አያስፈልግዎትም፤ ገና ግን በታኅሣሥ 25 ነው የሚያከብሩት። ከኅዳር እስከ መጋቢት የወሩ የመጀመሪያ እሑድ መግቢያ በነፃ ነው። በሐምሌና ነሐሴ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ መንግሥት ጥንታዊ ሥፍራዎችን በቀትር ሰዓታት ሊዘጋ ስለሚችል ከመነሳትዎ በፊት ባለው ምሽት ያረጋግጡ።