እጇን አንስታ ነበር

ባለፈው ወር አምስት ተማሪዎች የመመረቂያ ፊልማቸውን ይዘው ቤቴ መጡ። 9 ደቂቃ ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ከፈቱና ፊልሙን ትተው የእኔን ፊት ማየት ጀመሩ። ሠላሳ ዓመት በኤዲቲንግ ሥራ ላይ ኖሬያለሁ። ሰው እንዲህ ሲያየኝ ውስጡ የሚከነክነው ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

ፊልሙ ደስ ይላል። ከቤሩት የተመለሰች ልጅ ከእናቷ ጋር ቡና ትጠጣለች። ሁለቱም የልባቸውን አያወጡም። አቦሉ ያልፋል፣ ቶናው ያልፋል። እናትየው በረካውን ስታቀብላት ግን አንድ ነገር ትናገራለች። ፊልሙ በሙሉ የተሠራው ለዚያች ንግግር ነው። እዚያ ስንደርስ የሰማሁት ዝናብ ብቻ ነበር። ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የሐምሌ ዝናብ።

"ድምፅ የያዘው ማነው?" አልኳቸው።

ከሶፋው ጫፍ የተቀመጠች ልጅ "እኔ ነኝ" አለች። ትንሽ ቆይታ፣ "እንዲያቆሙ እጄን አንስቼ ነበር" ብላ ጨመረች።

ዳይሬክተሩ ቀበል አደረገና "ጋሼ፣ ብርሃኑ እያመለጠን ነበር። ተዋናይቷም ያኔ ነው ከልቧ ያለቀሰችው። በኤዲቲንግ እናስተካክለዋለን ብዬ ነው" አለኝ።

ፊልም መሥራት የጀመራችሁ ልጆቼ፣ ለእናንተ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ይሄ ነው። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ካሜራ የያዘው ስለ ብርሃን ያስባል፣ ዳይሬክተሩ ስለ ተዋናይቷ እንባ፣ ድምፅ የያዘችው ስለ ዝናቡ። በቡድን ፊልም ስትሠሩ የሚያጣላችሁ ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁሉም በየሥራው ልክ ሲሆንም ትጣላላችሁ። ስለዚህ ማን "አቁሙ" ማለት እንደሚችል ካሜራው ሳይነሳ በፊት ተስማሙ። የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ላደረገው ሰው ይፈቀድለት። እናንተ የማትሰሙትን እሱ ብቻ ነው የሚሰማው። ጎረቤት የሚያጉረመርም ጄኔሬተር፣ ከሩቅ የሚመጣ የቅዳሴ ድምፅ፣ ከላይ የሚያልፍ አውሮፕላን፣ ፍሪጅ ሳይቀር። ጆሯችን ስለለመደው ይረሳዋል፤ ማይክ ግን አይረሳም።

"በኤዲቲንግ እናስተካክለዋለን" የሚለውን ስንት ጊዜ እንደሰማሁት! የተንቀጠቀጠ ሻት (ሳይቋረጥ የተቀረጸ ምስል) ማሳጠር እችላለሁ። የጠቆረ ምስል በመጠኑ ማብራት እችላለሁ። ዝናብ የዋጠው ሹክሹክታ ግን ብዙ ጊዜ አይመለስም። አሁን ድምፅ የሚያጠራ ሶፍትዌር አለ፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ዝናቡን ሲያጠፋው ግን ከድምፁም ሥጋውን ገፍፎ ነው የሚሄደው። ተዋናይቷን ስቱዲዮ አስገብቶ እንደገና ማስነገርም ይቻላል። ያኔ ያለቀሰችው ለቅሶ ግን አብሯት ስቱዲዮ አይገባም።

እኔም በእናንተ ዕድሜ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አጭር ፊልም ሠርቼ ነበር። ካሜራው የተዋስነው፣ በካሴት የሚቀርጽ ቪኤችኤስ ነው። ዳይሬክተር ማን እንደሆነ አልተነጋገርንም። ጓደኛሞች ነን፣ ምን ያነጋግረናል ብለን። እኔና አንዱ ጓደኛዬ ለአንድ ተዋናይ ሁለት የተለያየ ነገር ስንነግረው፣ ልጁ መሀል ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ እሱን ሲያይ አሁንም ይታየኛል። ቀረጻው እንደምንም አለቀ። ከዚያ የማን ስም ይቅደም በሚለው ተኳረፍን። ካሴቷ አንዳችን ቤት ቀረች። ተኳርፈናልና የጠየቀም፣ የገለበጠም የለም። በኋላ የዘመድ ሰርግ ተቀረጸባት። ጓደኛዬን ከሁለት ዓመት በኋላ ታረቅኩት። ፊልሟን ግን ዛሬም ድረስ እናፍቃታለሁ።

ስለዚህ የሥራ ድርሻችሁንና የስም ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጻፉ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት። ገና ፍቅር ላይ ሳላችሁ። ቀረጻው ደግሞ ሁለት ቦታ ሳይገለበጥ ሚሞሪ ካርዱ ላይ ያለው አይደምሰስ። ሁለቱን ቅጂ አንድ ቦርሳ ውስጥ ካደረጋችሁ እንደ አንድ ነው የሚቆጠረው።

እግረ መንገዴን ስለ መብራት አንድ ነገር ልበል። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ካሜራችሁ ከፋብሪካ ሲወጣ ለሌላ አገር በ60 ኸርዝ ተስተካክሎ ከሆነ፣ ቤት ውስጥ ስትቀርጹ አንዳንዱ አምፖል ምስሉ ላይ ይርገበገባል። በሰከንድ 25 ፍሬም (25 ምስል)፣ ሻተሩን፣ ማለትም ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ፣ 1/50 ሰከንድ አድርጉት። ውጭ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ፊት አትቅረጹ። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ነው የምትቆመው፣ ዓይን የጉድጓድ ጥላ ውስጥ ይገባል። ያን ሰዓት ምሳ ብሉበት።

ምሳን ቀላል ነገር አታድርጉት። ከጠዋት ጀምሮ ቡም (ማይኩ የሚታሰርበትን ረጅም ዘንግ) ተሸክሞ የቆመ ልጅ ከሰዓት ሲርበው እጁ ይወርዳል፣ ማይኩም ምስሉ ውስጥ ይገባል። ሽሮም ቢሆን ትኩስ ይሁን፣ አንድ ላይ ተቀምጣችሁ ብሉ። ምሳውን ያመጣችው ልጅ ስምም መጨረሻ ላይ ይጻፍ።

ከቀረጻው ቦታ ሳትወጡ ደግሞ ክፍሉን አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ ቅረጹት። ማንም አይናገር፣ ማንም አይንቀሳቀስ። ኤዲተሩ ንግግር በቆረጠበት ቦታ ሁሉ የሚደፍነው በዚያ ዝምታ ነው። ይህን የምታስታውሰው አብዛኛውን ጊዜ ያቺው እጇን ያነሳችው ልጅ ናት። ሌሎቻችሁ ዕቃ ለመሰብሰብ ትቸኩላላችሁ። እባካችሁ ጠብቋት።

ለአምስቱ ልጆች ያችን ትዕይንት እንደገና እንዲቀርጿት ነገርኳቸው። ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ተከፋ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞሮ "መቼ ይሻላል?" አላት። እሷም ስልኳን አውጥታ የሳምንቱን የአየር ትንበያ ማየት ጀመረች። "ጠዋት ይሁን፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው" አለች። ካሜራ የያዘው ልጅ የጠዋት ብርሃን በየትኛው መስኮት እንደሚገባ ወረቀት ላይ መሳል ጀመረ። ሌላኛዋ ለተዋናይቷ ደወለች። እኔም ተነስቼ ቡና አፈላሁላቸው።