እምቢ ለተባላችሁ ልጆቼ

ልጆቼ፣

30 ዓመት እንግሊዝኛ አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከሰዋስው ሁሉ ይልቅ ለተማሪዎቼ የጠቀማቸው የጥንት እንግሊዞች የፍቅር ግጥም ይመስለኛል፤ በተለይ እምቢ የተባለ ሰው የጻፈው።

እ.ኤ.አ. በ1638 በታተመ የእንግሊዛዊው ገጣሚ የጆን ሰክሊንግ ቴአትር ውስጥ አጭር ዘፈን አለች። አንድ ወጣት በፍቅር ገርጥቷል፣ አንደበቱም ተሳስሯል። ወዳጁ ይጠይቀዋል፦ አምሮብህ ሳለ ያላየችህ ገርጥተህ ልታይህ ነው? ስትናገር ያልረታሃትን ዝም ብለህ ልትረታት? ያ ጥያቄ ስንቱን ተማሪዬን ከተኛበት አስነስቶታል! መዝጊያው ላይ ወዳጁ «ዲያብሎስ ይውሰዳት» ይላል፤ ይህን ስንኝ ወድጄው አላውቅም። ከእሱ በፊት ያለውን ሐሳብ ግን ሁሉንም በቃላቸው አስይዣቸዋለሁ፦ በራሷ ፈቃድ ካልወደደች ምንም ሊያስወድዳት አይችልም። «የሴት ልጅ እምቢታ እሺታ ነው» እያሉ የሚመክሯችሁ ትልልቅ ሰዎች ይኖራሉ። አትስሟቸው።

ቅናት ለያዘው የሼክስፒርን 138ኛ ሶኔት (ባለ 14 ስንኝ ግጥም) እሰጠው ነበር። በሰምና ወርቅ ላደገ ሰው ግጥሙ ባዕድ አይሆንበትም። እንግሊዞች «ላይ» (lie) የሚሉት ቃል መዋሸትም ነው፣ መተኛትም። ሰውየው ወዳጁ ታማኝ ነኝ ብላ ስትምልለት ውሸቷን እያወቀ ያምናታል፤ እሷም ወጣትነቱ እንዳለፈ እያወቀች እንደ ወጣት ታሞግሰዋለች። ማብቂያው ላይ ያው ቃል ይመጣል፦ ይዋሻሉ፣ አብረውም ይተኛሉ፤ ሁለቱ ትርጉም በአንድ ቃል ታስሯል። ግጥሙ መጀመሪያ የታተመው በ1599 ነው፤ ሼክስፒር ገና 35 ዓመቱ ነበር። እኔን የሚይዘኝ ግን የቀናተኛው ፍርድ ነው፤ የእሷን ውሸት ሲቆጥር የራሱንም አብሮ ይቆጥራል። የወዳጁን ስልክ ተደብቆ ለሚበረብር ወጣት ከዚህ የተሻለ መስታወት አላውቅም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደው የእንግሊዛዊውን ገጣሚ የማይክል ድሬይተንን ሶኔት ነው፤ በ1619 የታተመ፣ 14 ስንኝ። በኩራት ይጀምራል፦ በቃ፣ እንሳሳምና እንለያይ፤ ከእንግዲህ ከእኔ ምንም አታገኚም፤ በመገላገሌም ከልቤ ደስ ብሎኛል። ስምንት ስንኝ ሙሉ እንዲህ ይፎክራል። ዘጠነኛው ላይ ድምፁ ይሰበራል። ፍቅር አልጋ ላይ ሊሞት ያጣጥራል፤ የደም ሥሩ ምት እየደከመ ነው፤ እምነት አጠገቡ ተንበርክካለች፤ የዋህነት ዓይኑን ልትከድንለት ነው። ከዚያ የመጨረሻዎቹ ሁለት ስንኞች ይመጣሉ፦ ሁሉ ተስፋ ቢቆርጥበትም፣ አንቺ ከፈለግሽ አሁንም ልታድኚው ትችያለሽ። ፉከራው ሁሉ ይህን ልመና ለመሸፈን ነበር። ተናዳችሁ መልእክት ስትጽፉ ዘጠነኛው ስንኝ እስኪመጣላችሁ አትላኩት። አንድ ቀን አሳድሩት፤ ካስፈለገም ሳምንት።

እኔ በ23 ዓመቴ እምቢ ስባል የጻፍኩት ፉከራውን ብቻ ነበር። አራት ገጽ ሞላሁ፤ በማግስቱ ፖስታ ቤት ወሰድኩት። ያቺ ሴት ምንም አልበደለችኝም፤ አልወደድኩህም ብላ በጨዋነት ነግራኛለች፣ ሌላ ምንም። ይቅርታ የጠየቅኳት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ደብዳቤውን ያኔውኑ ቀድዳ እንደጣለችው ነገረችኝ፤ ቀጥላም ከውስጡ ሁለት ዓረፍተ ነገር አንድም ቃል ሳትስት በቃሏ አለችልኝ።