በሩ አጠገብ የተቀመጡት ልጆች

ጥያቄ፦ የምኖረው በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። በመንደሩ በአንድ ወገን ሰፋፊ ግቢ ያላቸው ቤቶች አሉ፤ በሌላው ወገን በቀን ሥራ፣ ዓሣ በማጥመድና ከደንገል ዕቃ በመሥራት የሚተዳደሩ ቤተሰቦች ይኖራሉ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቀለምና ወረቀት ገዝቼ የሁለቱንም ወገን ልጆች ግቢዬ ሰበሰብኋቸው። የእኔና የቅርብ ጎረቤቶቼ ልጆች በረንዳውን ይዘው ሲሥሉ፣ ሌሎቹ በሩ አጠገብ ተቀምጠው ሲያዩ ዋሉ፤ በሦስተኛው ቀን ሳይመጡ ቀሩ። ምን አጥፍቼ ይሆን?
አንዲት እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ መልካም ሆኖ ሳለ ያልሠመረው ልጆቹ እንግድነት ስለተሰማቸው ይመስለናል። ግቢውም ቀለሙም የእርስዎ ነው፤ ሥዕልን በትምህርት ቤት የለመዱትም በረንዳው ላይ የነበሩት ናቸው። ስለዚህ ሌሎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከመቀበልና ከማየት በቀር ድርሻ አልነበራቸውም። ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ቶሎ ያውቃል።

ልጆችን አንድ ቦታ መሰብሰብ ብቻውን እንደማያቀራርባቸው በጥናትም ታይቷል። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት 22 ወንዶች ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍለው ባጠኑበት ጊዜ፣ በውድድር የተቃቃሩት ልጆች አብረው እንዲበሉ ቢደረግ ጠቡ አልበረደም፤ እንዲያውም ምግብ ተወራወሩ። የበረደው የመጠጥ ውኃቸው ሲቋረጥና መኪናው አልነሣ ሲል፣ ማለትም ሁለቱ ቡድኖች ካልተባበሩ የማይፈታ ችግር ሲገጥማቸው ነበር። የእርስዎ መንደር ልጆች ባይጣሉም፣ የሚያስፈልጋቸው እንዲህ አንዱ ያለ ሌላው የማይፈጽመው ሥራ ነው።

እኛ ብንሆን ከደንገል ትንንሽ ታንኳ በመሥራት እንጀምር ነበር። እሥሩን አንዱ ልጅ አጥብቆ ካልያዘው ሌላው ሊያስረው ስለማይችል፣ ሥራው ራሱ ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አባቱ ደንገል ሲያስር እያየ ያደገው ልጅ የዚያን ቀን አስተማሪ ይሆናል። በጣና ዳርቻ ይህን ሙያ ከትውልድ ወደ ትውልድ ይዞ የቆየው የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ ለረጅም ዘመን በጎረቤቶቹ ሲገለል የኖረ ነውና፣ የዚህ ሙያ ባለቤት በልጆች ፊት እንደ መምህር ተጋብዞ፣ የድካሙም ዋጋ ተከፍሎት ሲያስተምር ማየት ለሁሉም ልጆች ትልቅ ትምህርት ነው። ታንኳው ካለቀ በኋላ ተሳፋሪዎቹን ከጭቃ ይሥሯቸው፤ እያንዳንዱም ከአያቱ የሰማውን ተረት ያምጣና በዚያው ያጫውቱት። ጭቃው እስኪደርቅ እንቆቅልሽ ይጠያየቁ። መልሱ የጠፋው ልጅ ሀገር ይሰጣል፤ ሀገር ለመስጠት ደግሞ የሀብታም ልጅ መሆን አያስፈልግም።

ደንገሉን አዋቂ ሰው ያምጣው እንጂ ልጆቹን ወደ ሐይቁ አይላኳቸው፤ ጉማሬው ብቻ ሳይሆን ጥልቀት በሌለው ውኃ የሚይዘው ቢልሃርዚያም አለ። ምግቡም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን። በነሐሴ የፍልሰታ ጾም የሚጾሙ ልጆች አሉ፤ ሙስሊም ልጆችም አሉ፤ ስለዚህ ሁሉም አብረው ሊዘግኑት የሚችሉት ቆሎ ከኬክ ይሻላል። ቁጥራቸው መጀመሪያ ላይ ከ10 ባይበልጥ፣ ቦታውም አንድ ሳምንት በእርስዎ ግቢ፣ በሚቀጥለው በእነሱ ደጅ ቢሆን እንመርጣለን።

የቀሩትን ልጆች ግን በልጆችዎ በኩል አያስጠሯቸው። እርስዎ ራስዎ በየቤታቸው ሄደው ወላጆቻቸውን ሰላም ይበሉ፤ ልጆቹ ለምን እንደቀሩ ሳይጠይቁ፣ የደንገል አስተሳሰር ለልጆችዎ ሊያሳዩልዎት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቋቸው።