ካርድ ለምን ይታገዳል? ጠይቁ፣ ልመልስ

ስለ ታገዱና ስለ ተገደቡ የጨዋታ ካርዶች ጥያቄው ስለበዛብኝ ዛሬ ባንድ ላይ ልመልስ ብዬ ተቀምጫለሁ። አብዛኛውን ምሳሌ የምወስደው ካርድ እየሰበሰቡ ከሚጫወቱት ጨዋታ፣ ከማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ነው። ከ1993 ጀምሮ ያለ ጨዋታ ስለሆነ ያልሠራው ስህተት የለም ማለት ይቻላል። ሌሎቹን የካርድ ጨዋታዎች፣ ዩ-ጊ-ኦንና ፖክሞንንም እነካካለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ገና ጀማሪ ነኝ። ማገድና መገደብ ልዩነታቸው ምንድን ነው?

የታገደ ካርድ ዴክህ ውስጥ (ለጨዋታ ባዘጋጀኸው የካርድ ክምር ውስጥ) ጭራሽ አይገባም። የተገደበ ካርድ ግን አንድ ብቻ ይፈቀድልሃል። ማጂክ ላይ በተለምዶ የአንድ ካርድ አራት ቅጂ መያዝ ይቻላል። ወደ አንድ የመገደቡ ነገር ዛሬ በዋናነት የሚሠራው ቪንቴጅ በሚባለው ፎርማት (የትኞቹ ካርዶች እንደሚፈቀዱ የሚወስን የአጨዋወት ዓይነት) ነው። ዩ-ጊ-ኦ ላይ ያልተነካ ካርድ ሦስት ይገባል፤ የተነካው እንደ ጥፋቱ ሁለት፣ አንድ ወይም ዜሮ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ወደ አንድ መቀነስ አይበቃም? ለምን ጭራሹን ያግዱታል?

ሒሳቡን እንሥራው። 60 ካርድ ካለው ዴክ 7 ካርድ ይዘህ ትጀምራለህ። አራት ቅጂ ካለህ፣ ካርዱ መጀመሪያ እጅህ ላይ የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። አንድ ብቻ ካለህ ወደ 12 በመቶ ይወርዳል። ትልቅ ቅናሽ ነው።

ግን የቀነሰው ምን እንደሆነ ልብ በል። ካርዱ የሚመጣበት ጊዜ እንጂ ኃይሉ አልቀነሰም። ከስምንት ጨዋታ ባንዱ ገደማ ያው ካርድ ገና ከመነሻው እጅህ ላይ ይገኛል፤ ተጋጣሚህም ምንም ሳያጠፋ ይሸነፋል። ድሮ ቢያንስ ካርዱ እንደሚመጣ ጠርጥሮ ይዘጋጅ ነበር። አሁን ዕጣ ሆነ። ለዚህ ነው ሞደርንና ስታንዳርድ የመሳሰሉ ፎርማቶች ወይ ፈቅደው ወይ አግደው የሚገላገሉት። ቪንቴጅ የተለየ ነው፤ ብላክ ሎተስን የመሰሉ የጥንት ካርዶችን መጫወት የሚቻልበት ቤት ስለሆነ፣ እነሱን አግዶ ፎርማቱን ማቆየት ትርጉም የለውም።

ሌላም አለ። ዴክህ ውስጥ ፈልጎ የሚያመጣ ካርድ ካለህ፣ አንዱ ቅጂ እንደ አራት ነው የሚያገለግልህ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የሉረስ ታሪክ ነው። በ2020 ኮምፓኒየን የሚባሉ ካርዶች ወጡ። ዴክህ የተወሰነ ሁኔታ ካሟላ ካርዱ ከዴኩ ውጪ ተቀምጦ ይጠብቅሃል፤ ስትፈልግ ከዚያው ትጠራዋለህ። ከእነሱ አንዱ የሆነው ሉረስ የሚጠይቀው ሜዳ ላይ የሚቆዩት ካርዶችህ ዋጋ ከሁለት ማና (ካርድ ለመጫወት የሚከፈለው የጨዋታው ኃይል) በላይ እንዳይሆን ነው። የቪንቴጅ ዴኮች ደግሞ ድሮም ጥቂት ማና በሚያስወጡ ካርዶች የተሞሉ ናቸው። ወደ አንድ ይገደብ ቢባል ምን ዋጋ አለው? መጀመሪያውኑ የሚያስፈልግህ አንድ ብቻ ነው፤ በየጨዋታውም አይጠፋም። ስለዚህ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቪንቴጅ ውስጥ ጭራሹን ታገደ። ኋላ የኮምፓኒየን ሕግ ተቀይሮ መጀመሪያ ሦስት ማና ከፍለህ ወደ እጅህ አስገባው ስለተባለ፣ በ2021 ተፈታ።

ጥያቄ፦ አንድ ካርድ መታገድ እንዳለበት በምን ይታወቃል? ብዙ ስላሸነፈ ነው?

የማሸነፍ መጠን ይታያል። ሁሉም ተዘጋጅቶበት እያለ አሁንም 55 በመቶ የሚያሸንፍ ዴክ ካለ ነገር አለ ማለት ነው። ለእኔ ግን ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ካርዱ ከሌሎች ካርዶች ላይ ምን ያህል ምርጫ ነጠቀ?

በ2004 የወጣውን ስካልክላምፕን እዩት። አንድ ማና የሚያስወጣ መሣሪያ ነው። በሌላ አንድ ማና ለፍጡርህ (ሜዳ ላይ ለሚዋጋልህ ካርድ) ታስታጥቀዋለህ። ጥቃቱን በአንድ ይጨምራል፣ ጉልበቱን በአንድ ይቀንሳል። ያስታጠቅከው ፍጡር ሲሞት ሁለት ካርድ ትስባለህ። ጉልበቱ አንድ የሆነ ትንሽ ፍጡር ላይ ስታደርገው ወዲያው ይሞታል። በአንድ ማና ሁለት ካርድ! ደግሞ መሣሪያው እዚያው ሜዳ ላይ ይቀራል፤ ቀጣዩን ፍጡር አምጣና ድገመው። ፍጡር የሚጫወት ሰው ይህን ካልያዘ ከሰረ። ያልያዘው ደግሞ ዴኩን ይህን ለማፍረስ ብቻ ነው የሚሠራው። የካቲት ወጥቶ ሰኔ ላይ ከስታንዳርድ ታገደ።

በ2019 የወጣው ኦኮም እንዲሁ ነበር። የተጋጣሚን ምርጥ ፍጡር ተራ አጋዘን ያደርገዋል፤ የተጻፈበትን ችሎታ ሁሉ ያጠፋል። ታዲያ ትልቅና ውድ ፍጡር ዴክህ ውስጥ የምታስገባው ለምንድን ነው? ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላው ከስታንዳርድ ወጣ።

ጥያቄ፦ ይሄን ሁሉ ሳያትሙት በፊት አይፈትሹም እንዴ?

ይፈትሻሉ። ግን የፈታሾቹ ቁጥር ውስን ነው። ካርዱ በወጣ በመጀመሪያው ሳምንት ሕዝቡ የሚጫወተው፣ እነሱ በወራት ከተጫወቱት ይበልጣል። ስካልክላምፕ ደግሞ አሁን ያለውን ቁጥር ያገኘው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው። መጨረሻ ላይ የተነካካች ቁጥር ሁሌም ታስፈራኛለች።

የፌሊዳር ጋርዲያን፣ የድመቱ ካርድም ነገር አለላችሁ። ሳሂሊ ከምትባለው ካርድ ጋር ሲገናኝ ሳሂሊ የድመቱን ቅጂ ትሠራለች፤ ቅጂው ሳሂሊን አውጥቶ ይመልሳታል፤ ተመልሳ ሌላ ቅጂ ትሠራለች። ማለቂያ የሌለው ድመት፣ በአራተኛው ተራ። ሚያዝያ 2017 ላይ የእገዳው ዝርዝር ምንም ለውጥ የለም ብሎ ወጣ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ድመቱ ታገደ። ሰው ሁሉ ጉድ አለ።

ጥያቄ፦ ጠንካራ ሳይሆን የታገደ ካርድ አለ?

ሞልቷል። ሴንሴይስ ዲቫይኒንግ ቶፕ በ2017 ሌጋሲ ከሚባለው ፎርማት የታገደው ጠንካራ ስለሆነ ብቻ ሳይሆን ሰዓት ስለሚበላም ነው። ባለቤቱ በየተራው የዴኩን ላይኛ ሦስት ካርድ እያየ ሲደረድር የዙሩ ጊዜ ያልቃል። ሻህራዛድ ጨዋታውን አቁማችሁ ሌላ ትንሽ ጨዋታ ጀምሩ ትላለች፤ ዳኛ እንዴት ብሎ ይቻላት? ኬኦስ ኦርብ ከፍ ተደርጎ ጠረጴዛ ላይ የሚጣል ካርድ ነው፤ የነካው ሁሉ ይጠፋል። ካርድ የሚያስይዙ የቁማር ካርዶችም ከድሮ ጀምሮ የታገዱ ናቸው። በ2020 ደግሞ ሰባት ካርዶች በዘረኛ ይዘታቸው ምክንያት ተነሥተዋል።

ጥያቄ፦ ብዙ ገንዘብ ያወጣሁበት ካርድ ታገደብኝ። ኪሳራውን ማን ይከፍላል?

ማንም። ቁጣህ ይገባኛል። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወቱት ዕድለኞች ናቸው፤ ሃርትስቶን ካርድ ሲያዳክም ካርዱን አፍርሶ የሠሩበትን ሙሉ ዋጋ ለተወሰነ ጊዜ ማስመለስ ይፈቅዳል። ወረቀት ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

መስከረም 2024 ላይ ኮማንደር በሚባለው የማጂክ ፎርማት ውስጥ የሆነውን አስታውሱ። ማና ክሪፕትና ጁወልድ ሎተስን ጨምሮ አራት ካርዶች ባንድ ቀን ታገዱ። ፎርማቱን የሚመራው ከአምራቹ ኩባንያ ነጻ የሆነ ኮሚቴ ነበር። አባላቱ ላይ ዛቻ ጎረፈ፤ በሳምንቱ ኃላፊነቱን ለአምራቹ ለዊዛርድስ አስረከቡ። ውሳኔው ትክክል ነው የሚል አቋም አለኝ፤ እንደ ማና ክሪፕት ያሉት ካርዶች ጨዋታውን በመጀመሪያው ተራ ያዘነብሉት ነበር። ኮማንደር ላይ ደግሞ እንገድበው ማለት አይቻልም፤ ድሮም ከተራ መሬት (ማና ከሚሰጠው ካርድ) በቀር ሁሉም ካርድ ማለት ይቻላል አንድ አንድ ነው። የማይዋጥልኝ ዳኝነቱ ካርዱን ለሚሸጠው ድርጅት መሰጠቱ ነው። ዛቻውን የላኩት ሰዎች ያተረፉት ይህንን ነው።

ጥያቄ፦ ለምን ጽሑፉን ብቻ አይቀይሩትም?

ስክሪን ላይ ይቻላል። ወረቀት ላይ ግን ካርዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሕጉ ሌላ፤ ጀማሪ ግራ ይጋባል። ዩ-ጊ-ኦ ግን ያደርገዋል። ኬኦስ ኢምፐረር ድራጎን ለዓመታት ታግዶ ቆይቶ የተመለሰው ጽሑፉ ተለዝቦ ነው።

ጥያቄ፦ ፖክሞን ለምን ብዙም አያግድም?

አሮጌ ካርዶች በየጊዜው ከስታንዳርድ ስለሚወጡ ችግሩ በራሱ ያልፋል። አልፎ አልፎ ግን ያግዳል። በ2015 ላይሳንደርስ ትራምፕ ካርድ የታገደው የሁለቱንም ወገን የተጣለ ካርድ ወደ ዴክ እየመለሰ ጨዋታውን ማለቂያ ስላሳጣው ነው።

ጥያቄ፦ የታገደ ተፈትቶ ያውቃል?

አዎ። ጄስ ዘ ማይንድ ስካልፕተር በ2018 ሞደርን ላይ ተፈታ፤ ያ ሁሉ የተፈራው አልደረሰም። ስፕሊንተር ትዊን በ2016 ታግዶ ታኅሣሥ 2024 ላይ ተፈታ። ጎልጋሪ ግሬቭ-ትሮል ግን በ2015 ተፈትቶ በ2017 ተመልሶ ታገደ።

ጥያቄ፦ ዋናው ካርዴ ሊታገድ ነው የሚል ወሬ ሰማሁ። ልሽጠው?

ውድድር ከፊትሽ ካለ ተጫወቺበት፤ ወሬ አያግድም። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሞክሪ። ካርዱን አውጥተሽ በምትኩ ሌላ አስገቢና ከጓደኛሽ ጋር ጥቂት ዙር ተጫወቺ። ዴኩ ከቆመ፣ ቢታገድም የምታጪው አንድ ካርድ ነው። ካልቆመ ግን ወሬው እውነት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ገዢ ሳይጠፋ ሽጪው።