«ካርዴ ላይ ደረጃ 3 ተጽፏል፤ ኤድስ ደረሰብኝ ማለት ነው?»

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። ኤችአይቪ በደሜ ከተገኘና መድኃኒት ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። ሲዲ ፎሬ 390 ነው ተብያለሁ፤ ካርዴ ላይ ግን «ደረጃ 3» ተጽፏል። ከመመርመሬ በፊት ክብደቴ ከ58 ወደ 50 ኪሎ ወርዶ፣ አፌም ውስጥ ነጭ ነገር ወጥቶብኝ ነበር። ሠርቼ እያደርኩ እንዴት ሦስተኛ ደረጃ እባላለሁ? ጻድቃኔ ማርያምም ጠበል ልሄድ አስቤአለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ደረጃው የሚወጣው ቆሞ በመሄድና ባለመሄድ ወይም በሲዲ ፎር (በሽታ የሚከላከሉ የደም ሕዋሳት) ቁጥር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አራቱን ደረጃዎች ያስቀመጠው በሚታዩ ምልክቶች ሲሆን የሚያዘው ከተገኙት ሁሉ የከበደው ነው። እርስዎ ከ58 ኪሎ 8 ቀንሰዋል፤ ይህ ወደ 14 በመቶ ይጠጋል። ያለሌላ ምክንያት ከ10 በመቶ በላይ መክሳት ብቻውን ደረጃ 3 ነው። አፍ ውስጥ የሚወጣው፣ ሲፋቅ ተነሥቶ ሥሩ ቀይ የሚሆነው ነጭ ፈንገስም እዚያው ይመደባል። የሳንባ ቲቢ፣ ከአንድ ወር ያለፈ ተቅማጥ ወይም ትኩሳትም እንዲሁ ነው። ክብደቱ ከ10 በመቶ በታች ቢቀንስ ወይም አልማዝ ባለጭራ ቢወጣብዎት ኖሮ ደረጃ 2 ይባል ነበር። ደረጃ 1 ምንም ምልክት የሌለበት፣ ቢበዛ ንፍፊት የሚያብጥበት ነው።

ኤድስ የምንለው በአብዛኛው ደረጃ 4ን (ለምሳሌ የማጅራት ገትር ፈንገስን ወይም ከሳንባ ውጭ ያለ ቲቢን) አለዚያም ሲዲ ፎር ከ200 በታች ሲወርድ ነው። እርስዎ ሁለቱም የለብዎትም።

ቫይረሱ የገባው ግን ከዓመታት በፊት ሊሆን ይችላል። ከተያዙ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ በብዙ ሰዎች ላይ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመምና ሽፍታ ይመጣና በራሱ ይጠፋል። እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ቆላ ይህ ወባ ወይም ታይፎይድ መስሎ ይታለፋል። ያን ጊዜ በደም ውስጥ ያለው ቫይረስ እጅግ ብዙ ነው፤ የፀረ እንግዳ አካል ምርመራው ግን ገና ነፃ ሊል ይችላል። ቀጥሎ ዝምታ ነው፤ ያለ መድኃኒት ኤድስ እስኪደርስ ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 10 ዓመት ይወስዳል። ስለዚህ ደረጃዎቹ በየዓመቱ አንድ አንድ የሚወጡ መሰላል አይደሉም፤ «የቀረኝ አንድ ነው» ብለው አይቁጠሩ። በመጀመሪያ የተጻፈው ደረጃ ካርዱ ላይ ይቀራል፤ እርስዎ ግን በመድኃኒቱ ክብደትዎ ይመለሳል፣ ፈንገሱም ይጠፋል። ከደረጃው ይልቅ አጥብቀው የሚጠይቁት በ6ኛው ወር የሚሠራውን የቫይረስ መጠን ምርመራ ይሁን።

በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አዲስ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የአንገት እብጠት ከመጣ ተደብቆ የቆየ ቲቢ አቅም ያገኘው ሰውነትዎ ሲታገለው የወጣ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ሳያቋርጡ በዚያው ቀን ይታዩ። ለደም ማነስ የብረት ክኒን ከታዘዘልዎት ደግሞ ዶሉቴግራቪር (አንዱ የኤችአይቪ መድኃኒት) ያለበትን ክኒን 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይዋጡ፤ አለዚያ ብረቱ ይዞት በበቂ መጠን ወደ ደም ላይገባ ይችላል።

ጠበሉን ይሂዱ፣ ክኒኑንም ከታሰበው ቀን አስበልጠው ይያዙ። ባዶ ሆድ ላይም ይዋጣል፤ ስለዚህ ጾም አይከለክለውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ጠበል ጠጥቶ ሲያስመልሰው ነው፤ ጠዋት የተዋጠ ክኒን አብሮ ይወጣል። ጠበሉ ጠዋት ከሆነ ክኒኑን ማታ ያድርጉት፤ ሰዓቱን መቀየር ከፈለጉ ሳይሄዱ በፊት ክሊኒክዎን ይጠይቁ።