ብናኙ ከየት መጣ? ለደሴና ለኮምቦልቻ ልጆች

ኬሚስትሪም ሆነ የአካባቢ ሳይንስ የምትማሩ ልጆች ስታገኙኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነው። «ኮምቦልቻን የሚበክላት ፋብሪካው ነው አይደል?» ጥያቄው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። የፋብሪካ ጭስ ማውጫ ከሩቅ ይታያል። የየቤቱ ማድቤት ጭስ ግን ማንም ልብ አይለውም። ፋብሪካው ነፃ ነው አላልኩም። ሳይለኩ አይፈረድም ነው የምላችሁ።

መለካቱ ራሱ ግማሽ መንገድ ነው። ፒኤም 2.5 የምንላቸው ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ ብናኞች ናቸው። የአንድ ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ መሆኑን አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም እንዳያልፍ ይመክራል። መሣሪያችሁ ከዚህ በላይ ቢያሳይ መብዛቱን አወቃችሁ እንጂ ምንጩን አላወቃችሁም። ርካሾቹ መለኪያዎች ደግሞ የብርሃን መበተንን ስለሚያዩ የደሴን ጉም ብናኝ ነው ብለው ይቆጥሩላችኋል። በክረምት በጭፍን አትመኗቸው።

ምንጩን የምታወጡት መሣሪያው አየር ሲስብ ብናኙን ከሚያስቀረው ማጣሪያ ነው። ነጩን ክብ ማጣሪያ ከ24 ሰዓት በኋላ በመቆንጠጫ ስታወጡት ቀለሙ ፍንጭ ይሰጣል። ቡናማ ከሆነ አቧራ፣ ጠቆር ካለ ጥቀርሻ ትጠረጥራላችሁ። ከዚያ ወደ ላቦራቶሪ ነው። ለካርቦን የኳርትዝ፣ ለብረታ ብረት የቴፍሎን ማጣሪያ ያስፈልጋል። ሲሊከንና አሉሚኒየም አብረው ከበዙ አፈር ነው። ሌቮግሉኮሳን የሚባለውን፣ ሴሉሎስ ሲቃጠል የሚወጣ ውህድ ካገኛችሁ እንጨት ወይም ሌላ የተክል ነገር ተቃጥሏል። ናፍጣ ሌቮግሉኮሳን አያወጣም።

ፈተናው ብረት ላይ ነው። ኮምቦልቻ የብረታ ብረት ፋብሪካ አላት። ስለዚህ ማጣሪያው ላይ ብረት ሲበዛ «በቃ፣ ተገኘ!» ማለት ያምራል። ቆይ፣ ረጋ በሉ። የወሎ ደጋ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት ነው፤ አፈሩ ራሱ ብረት የበዛበት ነው። ከውጭ አገር የተገለበጠ የአፈር ይዘት ሰንጠረዥ ከተጠቀማችሁ ከሐረጎ ተራራ የተነሳ አቧራ የፋብሪካ ብረት መስሎ ይታያችኋል። ስለዚህ ከመንገዱ ዳር፣ ከእርሻው፣ ከሠፈራችሁ አፈር ዝገኑና አስመርምሩ። የማጣሪያውንም የአፈሩንም ብረት በየአሉሚኒየሙ አካፍሉ። የማጣሪያው ውጤት ከአካባቢው አፈር በግልጽ የሚበልጥ ከሆነ ያኔ ሌላ ምንጭ ፈልጉ።

ኮምፒውተሩም አያድናችሁም። እ.ኤ.አ. በ1994 ፊንላንድ ውስጥ ፓተሮና ታፐር የተባሉ ተመራማሪዎች ያወጡት ስሌት ዛሬም በሰፊው ይሠራበታል። የብዙ ቀናት ናሙና ስትሰጡት አብረው የሚጨምሩና የሚቀንሱ ነገሮችን ይለይላችኋል። ግን ውጤቱ «ምንጭ አንድ፣ ምንጭ ሁለት» ብቻ ነው። ስም የምታወጡት እናንተ ናችሁ። ለዚህ ከተማውን ማወቅ አለባችሁ። ከሚሌ በባቲ በኩል የሚመጣው የጭነት መኪና ኮምቦልቻ የሚደርሰው ስንት ሰዓት ነው? በረመዳን ከአስር ሰዓት በኋላ ስንት ምድጃ ይቀጣጠላል? የበዓል ዋዜማስ? ቤት ውስጥ ከለካችሁ ቡናና ዕጣኑን እንዳትረሱ፤ ወሎ ነው እንግዲህ።

ሰዓት ግን ያሳስታል። ሌሊት ከተራራው ቀዝቃዛ አየር ይወርድና ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ይተኛል። ከላዩ ያለው ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጥምበታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ቁጥሩ ሲያሻቅብ ጭሱ ጨምሮ ሳይሆን መውጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ ሞቅ ሲል ክዳኑ ይከፈታል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። የነፋሱን ፍጥነትና አቅጣጫ በየሰዓቱ ያልመዘገበ ሰው ይህን ከምንጭ መብዛት አይለየውም።

ውጤት ስታቀርቡ የስህተት ወሰኑን አብራችሁ ጻፉ። ባለፋብሪካው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው። ባዶ ማጣሪያም በየጊዜው ወደ መስክ ወስዳችሁ፣ አየር ሳታስገቡበት መልሳችሁ አስመርምሩ። የእጃችሁ ቆሻሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚያሳያችሁ እሱ ነው፤ ያንን ካልቀነሳችሁ ክርክሩ ገና ሳይጀመር ይፈርሳል።