ከዝናቡ በኋላ ቢጫ ለሆነው በቆሎ ዩሪያ መድገም ይገባል?

ውድ ጠያቂ፤ በቆሎዎ በበቀለ በ3ኛው ሳምንት ዩሪያ በትነው፣ ለ10 ቀናት ዝናብ ጠፍቶ ከቆየ በኋላ ለ4 ቀናት ያለማቋረጥ በመጣሉ ማሳው ቢጫ እንደሆነ ጽፈው፣ ማዳበሪያውን ይድገሙ እንደሆነ ጠይቀዋል። ከመድገምዎ በፊት ዩሪያው ለተክሉ የሚሰጠው ምግብ፣ ማለትም ናይትሮጅኑ፣ በየት በኩል እንደወጣ ይለዩ፤ አንዱን መውጫ የሚዘጋው ዘዴ ሌላውን አይዘጋምና።

እንደኔ ግምት ጉዳቱ የጀመረው ከዝናቡ በፊት ነው። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ቢይዝም፣ እርጥበት ባለው መሬት ላይ ሳይሸፈን ከቀረ በአፈሩና በሰብል ቅሪቱ ውስጥ ያለው ዩሪየስ የተባለ ኢንዛይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ስለሚለውጠው ከፊሉ ወደ አየር ይተናል፤ ሙቀት፣ ነፋስና መሬት ላይ የተኛ አገዳ ደግሞ ያባብሱታል። እኔ ራሴ ለብዙ ወቅቶች ጤዛ ሳይረግፍ መበተን ጥሩ ይመስለኝ ነበር፤ ጤዛ ግን ዩሪያውን ያሟሟዋል እንጂ ወደ ሥር አያወርደውም። አሁን ከተክሉ አንድ ስንዝር ያህል ርቄ፣ 5 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ ውስጥ ከጨመርኩ በኋላ ወዲያው አፈር እመልስበታለሁ። የዩሪየስን ሥራ የሚያዘገይ ሽፋን ያለው ዩሪያም ይህን መውጫ ለጊዜው ይይዘዋል፤ ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ጎርፍ ግን መድኃኒት አይደለም።

ሳይተን የቀረው ናይትሬት ወደተባለ፣ በውሃ ወደሚሟሟ የናይትሮጅን ዓይነት ከተለወጠ በኋላ ነው ዝናቡ የሚያገኘው። አፈሩ አሸዋማ ከሆነ ናይትሬቱ ከሥሩ በታች ይሰርጋል፤ ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ከሆነ አየር ያጡ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፋንታ ስለሚጠቀሙበት ወደ ጋዝ ተለውጦ ይጠፋል። በማሳዬ ዝቅተኛ ጫፍ ላይ ውሃው ሳይጠነፍፍ ቸኩዬ ደግሜ፣ የደገምኩትንም አጥቼዋለሁ።

ስለዚህ አስቀድመው ውሃውን ያንጣፍፉና 4 ወይም 5 ቀናት ይጠብቁ፤ ሥሩ አየር ሲያገኝ ራሱ የሚያገግም በቆሎ ብዙ ነው። ቢጫነቱ ከታችኛው ቅጠል ጫፍ ተነሥቶ በመሐል አጥንቱ ወደ ግንዱ የሚገባ ከሆነ የናይትሮጅን እጥረት ነው፤ በአዲሶቹ ቅጠሎች ላይ ከታየ ግን የድኝ እጥረት ሊሆን ስለሚችል ዩሪያ አያድነውም። እጥረቱ የናይትሮጅን ከሆነ የመጀመሪያውን መጠን ግማሽ ያህል ቀብረው ይጨምሩ። በቆሎ አብዛኛውን ናይትሮጅን የሚወስደው ከጉልበት ቁመት እስከ አበባ ባለው ጊዜ ስለሆነ አልዘገዩም። ሁለት መስመር ሳይጨምሩበት ይተዉ፤ ድጋሚው መጥቀም አለመጥቀሙን የሚያሳይዎ እርሱ ነው።